የመስኮት ብረት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከልደታ እስከ ቂርቆስ፣ መስኮቱ ላይ ብረት የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። ስለ መስኮት ብረት የምናውቀው ግን አብዛኛው ከጎረቤት የሰማነው ነው። በያጅ ይጠራል፣ መስኮቱን ይለካል፣ በካሬ ዋጋ ይቆርጣል፣ ከሳምንት በኋላ አምጥቶ ይገጥማል። ቤተሰቡም "አሁንማ በሰላም እንተኛለን" ብሎ ይተኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ብዙው ግሪል ሌባውን እንደ ነገሩ እየከለከለ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ግን አጥብቆ የሚዘጋ መሆኑ ነው። የሚከተሉትን ነገሮች በየቤቱ ስለምሰማቸው አንድ በአንድ ልመልስባቸው።

"ብረቱ ወፍራም ከሆነ አለቀ"

አላለቀም። ሌባ ብረት ቆርጦ ለመግባት ጊዜም ትዕግስትም የለውም፣ መጋዝ ደግሞ ይጮሃል። የሚቀለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ግሪሉን ከነፍሬሙ ከግድግዳው ፈልቅቆ ማውጣት፣ ሁለተኛው በሁለት ዘንጎች መሃል የመኪና ክሪክ አስገብቶ መለጠጥ። ሁለቱም ላይ የብረቱ ውፍረት ብቻውን አያድናችሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ግድግዳው ላይ በምን ተያዘ?" የሚለው ነው። አብዛኛው የከተማችን ግድግዳ ብሎኬት ነው፣ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። በያጁ በድሪል በስቶ፣ ፕላስቲክ ፊሸር ከትቶ፣ ብሎን ካሰረበት ብሎኑ የያዘው ልስኑንና የብሎኬቱን ቀጭን ቅርፊት ብቻ ነው። በአንድ ጠንካራ ዲጂኖ ሁለት ሦስቴ ቢወዘወዝ ቅርፊቱን ይዞ ይወጣል። ትክክለኛው አሠራር ግሪሉ በየጎኑ የብረት እግሮች እንዲኖሩት ማድረግ ነው። እግሩ ጫፉ ተሰንጥቆ ወደ ሁለት የተከፈተ ይሆናል፤ ግድግዳው ተቦርቡሮ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በሲሚንቶ ኮንክሪት ይሞላል። እግሮቹ በየ50 እና 60 ሳንቲ ሜትሩ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ኮንክሪቱ ሳይጠነክር ማንም እንዳይነካው፣ ጥቂት ቀን ውሃ ይጠጣ። በያጁ "ዛሬውኑ ልጨርስላችሁ" ብሎ ከቸኮለ እናንተ አትቸኩሉ።

አሮጌ ሰፈር ውስጥ ያሉ የጭቃ ቤቶች ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። አራት ኪሎና ፒያሳ ዙሪያ የቀሩት የቀበሌ ቤቶች ብዙዎቹ እንጨትና ጭቃ ናቸው። ጭቃ ብሎን አይዝም፣ ኮንክሪትም ቢሞላበት ጭቃው ራሱ ይፈርሳል። እዚህ ላይ ግሪሉ መታሰር ያለበት ቋሚው እንጨት ላይ ነው። ረጅም ብሎን እንጨቱን በስቶ ወደ ውስጥ ያልፋል፣ በቤቱ በኩል ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ብረትና ዳዶ ይታሰርበታል። እንጨቱ በምስጥ የተበላ ከሆነ ግን መጀመሪያ እንጨቱ ይቀየር።

ብሎን ከውጭ በኩል የሚታሰር ከሆነ ደግሞ ጭንቅላቱ በብየዳ ይያዝ። ያለዚያ ሌባው አንድ ቁልፍ ይዞ መጥቶ እየፈታ ይሄዳል።

ውፍረት ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። የ12 ሚሊ ድፍን ዘንግ ከ10 ሚሊው ጋር ሲነጻጸር መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ በ1.7 እጥፍ ይበልጣል፤ ሁለት ሚሊ ትንሽ መስሎ ይታያል እንጂ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ያው 12 ሚሊ ዘንግ ከላይ እስከ ታች አንድ ሜትር ተኩል ያለምንም ማሰሪያ ከተዘረጋ በክሪክ ይከፈታል። በየ40 እና 50 ሳንቲ ሜትሩ ጠፍጣፋ ብረት አግድም ይግባ። ጠፍጣፋው ተበስቶ ዘንጉ በቀዳዳው እንዲያልፍ ቢደረግና ቢበየድ ከላይ ከተለጠፈው በብዙ ይሻላል።

"ቱቦላሬ ትልቅ ስለሆነ ጠንካራ ነው"

ቱቦላሬ ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ጎን ብረት ነው። 20 በ20 ሆኖ የብረቱ ውፍረት 1 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ ሲቆረጥ ያለው ብረት 76 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀጭን የሚመስለው የ12 ሚሊ ድፍን ዘንግ 113 አለው። እውነቱን ለመናገር ቱቦላሬው በቀላሉ አይጎብጥም፣ በዚህ ይበልጣል። በብረት መጋዝ ግን ቶሎ ይቆረጣል፣ ውስጡ ውሃ ከገባ ደግሞ ሳናየው ከውስጥ ይበላል። ለፍሬም ጥሩ ነው፣ ውፍረቱ ቢያንስ 1.5 ሚሊ ከሆነ። ለመሃል ዘንጎቹ ድፍን ብረት ይሁን።

"የሚከፈት ግሪል ለሌባ በር መተው ነው"

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ።

ማታ ከሳሎን እሳት ተነሳ እንበል። የኤሌክትሪክ ገመድ ሊሆን ይችላል፣ ከሰል ሊሆን ይችላል፣ ሻማ ሊሆን ይችላል። የመኝታ ቤቱ በር የሚከፈተው ወደ ሳሎኑ ነው። የቀረው መውጫ መስኮቱ ነው፣ መስኮቱ ደግሞ በኮንክሪት የተቀበረ ብረት አለበት። በቤት ቃጠሎ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው በነበልባሉ ሳይሆን በጭሱ ነው፣ ጭስ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ጎረቤት ሮጦ ቢመጣ እንኳ በዚያች ደቂቃ ብረቱን በምን ይገነጥለዋል?

"939 እንደውላለን" ይባላል። አዎ፣ የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ቁጥር እሱ ነው፣ ልጆቻችሁም ይወቁት። ግን በመሃል ከተማው ስንቱ ግቢ ነው የእሳት አደጋ መኪና በሩ ድረስ የሚገባለት? በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜ መኪኖቹ በመንገዱ ጥበት ምን ያህል እንደተቸገሩ ሁላችንም ሰምተናል። መኪና ጭራሽ የማይገባባቸው ቅያሶች ውስጥ የምንኖር ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ራሳችን ነን የምንወጣቸው።

አሜሪካኖች ይህንን በቤት ግንባታ ደንባቸው ውስጥ አስገብተውታል። መኝታ ቤት ሁሉ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መክፈቻ ሊኖረው ይገባል። ስፋቱ ከ51 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ከ61 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፣ በአጠቃላይ ደግሞ 0.53 ካሬ ሜትር ያህል ንጹህ ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ሁለቱን ዝቅተኛ ልኮች ብታባዙ 0.31 ብቻ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አንዱ ከጠበበ ሌላው መስፋት አለበት። መስኮቱ ላይ ብረት ካለ ደግሞ ከውስጥ ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ መከፈት አለበት ይላል። እኛ ጋ ማንም ባያስገድደን እንኳ ልኩ ለበያጅ ለመንገር የሚመች ልክ ነው።

ሌባው ይከፍተዋል የሚለው ስጋት ትክክለኛ ስጋት ነው፣ መልስም አለው። የሚከፈተው ክፍል ማጠፊያው በውስጥ በኩል ይሁን፣ ፒኑ ተመቶ እንዳይወጣ ጫፉ ይበየድ። መቀርቀሪያው ከውጭ እጅ እንዳይደርስበት በላሜራ ሳጥን ይሸፈን፣ ሳጥኑ የሚከፈተው በውስጥ በኩል ብቻ ይሁን። ሲዘጋ አንድ ቦታ ሳይሆን ላይና ታች ሁለት ቦታ ይቆለፍ። እንዲህ የተሠራ ክፍል ከቀሪው ግሪል አይለይም፣ ሌባው የትኛው እንደሚከፈት እንኳ አያውቅም።

የግድ ጓጉንቸር ካደረጋችሁ ቁልፉ እዚያው ክፍል ውስጥ ይንጠልጠል። ከውጭ የሚገባ እጅ ወይም እንጨት በማይደርስበት፣ ከመንገድ በማይታይ፣ ግን ቤት ውስጥ ያለ ሰው በጨለማ ዳብሶ በሚያገኘው ቦታ። የእማማ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም። አያት ካሉ፣ የቤት ሠራተኛ ካለች፣ ልጆች ካሉ፣ ሁሉም በእጃቸው ከፍተው ይሞክሩት። የሠራተኛዋ ክፍል ብዙ ጊዜ አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ነው ያላት፣ እሷም ሙሉ በሙሉ የታሸገች ናት። እባካችሁ እዚያ ክፍል ቆማችሁ "እዚህ ብተኛ በየት እወጣለሁ?" በሉ።

"እኛ ፎቅ ላይ ነን፣ አያስፈልገንም"

እንደ ቤቱ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ ቤቶች በጋራ መተላለፊያው በኩል መስኮት አላቸው። አራተኛ ፎቅ ብትሆኑም ያ መስኮት ለሚያልፈው ሁሉ እንደ ምድር ቤት መስኮት ነው። የመጨረሻው ፎቅ ደግሞ ከጣሪያ በኩል ይታሰብ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያየውም። አግድም በአግድም የተሠራ የምድር ቤት ግሪል ለአንደኛ ፎቅ ጎረቤት መሰላል ነው። ሌባው በእናንተ ብረት ረግጦ እነሱ ጋ ይወጣል። ዘንጎቹ ወደ ላይ የቆሙ ይሁኑ፣ አግድሞቹም ጥቂት ይሁኑ። ይሄ ለልጆችም ነው፣ ምክንያቱም ሕፃን ልጅ አግድም ብረት ካገኘ ይወጣል። ሕፃን ባለበት ቤት በዘንጎቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ጭንቅላቱ እንዳይገባና እንዳይያዝ።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ግሪል ከማሠራታችሁ በፊት ማኅበሩን አናግሩ። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከቤታችሁ ውጭ ያለው የሕንፃው አካል የጋራ ነው። ገንዘብ አውጥታችሁ ገጥማችሁ "አንሱት" ከመባል ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

"ግሪል ካለ መስኮት ከፍቶ መተኛት ይቻላል"

ሰው አይገባም፣ ረጅም እንጨት ግን ይገባል። ጫፉ ላይ ሽቦ ታስሮ ሞባይል፣ ቦርሳ፣ ወንበር ላይ የተንጠለጠለ ሱሪ ሳይቀር ይጎተታል። አየር ካስፈለገ ከውስጥ በኩል ጠንከር ያለ ወንፊት ሽቦ ይጨመር፣ በሚከፈተው ክፍል ላይ ሲሆን አብሮ የሚከፈት ይሁን።

"አሉሚኒየሙ ላይ ይታሰር፣ ግድግዳ አታበላሹ"

አይሆንም። የአሉሚኒየም ፍሬም የተሠራው መስታወት ለመሸከም ነው። ግሪሉ ሲሳብ ፍሬሙም አብሮ ይመጣል። ግድግዳው ይበሳ፣ ልስን በኋላ ይጠገናል። ተገፍቶ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ካላችሁ ግሪሉ ከውስጥ ነው የሚሆነው፣ እጃችሁ በዘንጎቹ አልፎ የመስኮቱን እጀታ መድረሱን ቀድማችሁ ለኩ።

"ቀለም ለውበት ነው"

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ በሚመታው ከተማ ቀለም የብረቱ ዕድሜ ነው። ዝገት ከወጣበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፣ ስለዚህ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው እግር ሲዝግ ኮንክሪቱንና ልስኑን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። መስኮት ጥግ ላይ ቡናማ ውሃ የሚያለቅስ ስንጥቅ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ብየዳው ላይ የቀረው ቅርፊት በመዶሻ ይርገፍ፣ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳ፣ ከዚያ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ፣ ሲደርቅ የዘይት ቀለም ሁለት ዙር። ይሄ ሁሉ ሳይገጠም በፊት ነው፣ ምክንያቱም ከተገጠመ በኋላ በግድግዳው በኩል ያለው ጎን ብሩሽ አይደርሰውም። "ጋልቫናይዝድ ነው፣ አይዝግም" ቢሏችሁ የተበየደበትን ቦታ ተመልከቱ። የብየዳው ሙቀት ዚንኩን አቃጥሎታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚዝገው መጋጠሚያው ነው። እዚያ ላይ የግድ ይቀባ።

"በካሬ ስንት? የሚለውን ማወዳደር ይበቃል"

የካሬ ዋጋ ስለ ብረቱ ምንም አይነግራችሁም። ርካሹ በያጅ 10 ሚሊ አስቦ ይሆናል፣ ውዱ 14። ወይም አንዱ ዘንጎቹን በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው በ18 ሊደረድራቸው ነው። በ18 ሳንቲ ሜትር ቀጭን ሰው ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በወረቀት ይጻፍ፦ የዘንጉ ሚሊ፣ ድፍን መሆኑ፣ የፍሬሙ ውፍረት፣ የዘንጎቹ ርቀት፣ የእግሮቹ ብዛትና ጥልቀት፣ የሚከፈተው ክፍል ልክ፣ የቀለሙ ዙር። "ወንድሜ፣ እስቲ እዚህ ጻፍልኝ" ሲባል የሚቆጣ በያጅ ካለ ሌላ ፈልጉ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቆጣም።

ብረቱን ራሳችሁ ከገዛችሁ በሚዛን አረጋግጡ። እውነተኛ 12 ሚሊ ፌሮ (ድፍን የግንባታ ዘንግ) በሜትር 0.888 ኪሎ ነው፣ 12 ሜትሩ ሙሉ ቁራጭ ወደ 10.7 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ በጣም ካነሰ 12 ሚሊ አይደለም። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ብረት መግዛትም ነውር የለውም፣ ዝገቱ ገጽ ላይ ብቻ ከሆነና ተፍቆ ከተቀባ ከአዲስ ቀጭን ብረት ይሻላል። በመዶሻ ስትመቱት ቅርፊት በቅርፊት የሚረግፈውን ግን ተዉት።

ቀሪውን ክፍያ ይዛችሁ ጠብቁ። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ሁለት ሰው ግሪሉን በሙሉ ኃይል ይወዝውዘው፣ ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ሥራው አላለቀም። ከዚያ መብራት አጥፉና በቤቱ ውስጥ ጉልበቱ ትንሽ የሆነው ሰው የሚከፈተውን ክፍል ይክፈት። ካቃተው በያጁ እዚያው እያለ ያስተካክል።