ረቂቅ ተሕዋስያን በሰሜን ሸዋ፦ ከእርሾ እስከ አባ ሰንጋ

እዚህ ሰሜን ሸዋ ሲባል በአማራ ክልል ያለው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው ዞን ነው። በአማርኛ የማይክሮባዮሎጂ ጥሩ መግቢያ ማግኘት ዛሬም ከባድ ነው። ስለዚህ መሠረታዊዎቹን ነገሮች በዚሁ አካባቢ ምሳሌዎች እያስደገፍን እናያለን። ምሳሌ አይቸግርም። 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ሸዋ ሮቢት በላብ ተጠምቆ የተነሳ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ጣርማ በር ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ ለሙቀት ለውጥ ከሰው የባሰ ስሱ ናቸው።

ዓይነታቸው

በዓይን የማይታየው ሁሉ አንድ ወገን አይደለም። ባክቴሪያ ኒውክለስ (ዘረመሉን ለይቶ የሚይዝ የሕዋስ እምብርት) የሌለው ባለ አንድ ሕዋስ ነው። አርኬያም ኒውክለስ የለውም፤ ስለዚህ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ድረስ ከባክቴሪያ ጋር ተደባልቆ ሲቆጠር ኖሯል። በዚያ ዓመት ካርል ዎስና ጆርጅ ፎክስ የተባሉ ተመራማሪዎች የራይቦዞምን፣ ማለትም የሕዋሱን ፕሮቲን መሥሪያ፣ አር.ኤን.ኤ. አወዳድረው ራሱን የቻለ ወገን መሆኑን አሳዩ። የመንዝ በግ ሲያመሰኳ በአፉ የሚወጣው ሚቴን የአርኬያ ሥራ ነው። እርሾ፣ ሻጋታና ፕሮቶዞዋ ኒውክለስ አላቸው፤ የቆላውን ወባ የሚያመጣው ፕላዝሞዲየም ከፕሮቶዞዋ ወገን ነው። ቫይረስ ሕዋስ እንኳ የለውም። የበግ ፈንጣጣ ከዚህ ይመደባል።

ምግባቸውና ጉልበታቸው፦ ጋኑና ቡሃቃው

ይህ ክፍል ይረዝማል፤ ሰሜን ሸዋ የሚያኮራ ሙያ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ጠላ በጥጅት ይጀመራል። የተወቀጠ ጌሾና ውሃ፣ እንደየቤቱ ልማድ ትንሽ ብቅልም ተጨምሮ፣ በወይራ በታጠነ ጋን ይቀመጣል። ቀጥሎ ቂጣና ብቅል ሲገባበት ጥንስስ ይሆናል፤ እንኩሮው ተጨምሮ ሲወፍር ድፍድፍ ይባላል። በመጨረሻ ውሃ ይሞላበትና ይከደናል። እያንዳንዱ ደረጃ የኬሚስትሪ ምክንያት አለው። እርሾ የገብስ ስታርች መብላት አይችልም፤ ስኳር ነው የሚፈልገው። ገብሱ ሲበቅል አሚሌዝ የሚባል ኤንዛይም (የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ያዘጋጃል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆርጠው ይህ ኤንዛይም ነው። ብቅል የሌለው ጠላ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ስኳሩን የሚረከበው በዋናነት ሳካሮማይሲስ ሴሬቪዚዬ የተባለው እርሾ ነው። አንድ ግሉኮስ ተሰንጥቆ ሁለት አልኮልና ሁለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከዚህ ሁሉ ሥራ እርሾው የሚያተርፈው 2 ኤ.ቲ.ፒ. (ሕዋስ ጉልበቱን የሚይዝበት ሞለኪውል) ብቻ ነው። ያው ግሉኮስ በኦክስጅን ሙሉ በሙሉ ቢቃጠል 30 ገደማ ይገኝበት ነበር (የቆዩ መጻሕፍት 36 ወይም 38 ይላሉ፤ አሁን ያ ቁጥር ወርዷል)። ታዲያ ለምን ይከስራል? ይህ እርሾ ስኳር ከበዛለት ኦክስጅን እያለም አልኮል መሥራት ይመርጣል። አልኮሉ ሌሎቹን ተፎካካሪዎች ያባርርለታል፤ ስለዚህ ኪሳራ የሚመስለው ነገር ብልጠት ነው።

እርሾው ከየት እንደሚመጣ አንድ መልስ የለም። ከጌሾው ነው የሚሉ አሉ፣ ከጋኑ ግድግዳ ነው የሚሉም አሉ፤ ሁሉም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ጌሾው ግን ለምሬት ብቻ እንዳልገባ ግልጽ ነው፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል። የጋኑ አፍ በጭቃ የሚመረገውም በከንቱ አይደለም። አየር ካገኘ አሴቶባክተር የሚባለው ባክቴሪያ አልኮሉን ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ወደ ኮምጣጤ ይለውጠዋል። ጠላው ኮመጠጠ ብላ እናት የምትናደደው በዚህ ባክቴሪያ ነው።

አረቄ ላይ ሲደረስ ረቂቅ ተሕዋስያኑ ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ ቀሪው የእሳት ሥራ ነው። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን ከድፍድፉ ተለይቶ ይወጣል። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ ከዞኑ ውጭም የታወቀ ነው፤ ስለ ጥንካሬው የሚወራውን ሁሉ ማመን ግን አያስፈልግም። ዳሸንና ሐበሻ ቢራም በዚሁ ከተማ ፋብሪካ አላቸው። እነሱ የሚጠቀሙት ተለይቶ የተራባ ንጹሕ እርሾ ነው። እናቶች ግን መቶ ዓይነት ተሕዋስያን የተቀላቀለበትን ነገር ያለ ቴርሞሜትር ነው የሚያስተዳድሩት። የትኛው እንደሚከብድ አንባቢ ይፍረድ።

እንጀራው ጋ ሌላ ታሪክ አለ። የምንጃር ጤፍ ከቀደመ ሊጥ በተረፈ እርሾ ሲቦካ ዋናዎቹ ሠራተኞች የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኮምጣጣውን ጣዕም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። አብረው የሚሠሩትን እርሾዎች በተመለከተ በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ካንዲዳ ጊሊየርሞንዲ ብሎ ነበር፤ በኋላ የመጡት ካንዲዳ ሁሚሊስ ነው አሉ። የኋለኞቹ ያሳምናሉ። አብሲት ሲጣል የተቀቀለው ስታርች ለመሰባበር ስለሚቀል ሊጡ እንደገና ይነሳል፤ የእንጀራውን ዓይን የሚከፍተው በዚህ ጊዜ የሚወጣው ጋዝ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ሊጥ ሲዘገይ ቆላ ሮቢት ላይ ቶሎ ኮምጥጦ ያስቸግራል፤ የኤንዛይም ፍጥነት በሙቀት እንደሚወሰን ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። እርጎና ስልጆም የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሥራ ናቸው።

ዘረመል

ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክብ ክሮሞዞም አለው። ኢ. ኮላይ 4.6 ሚሊዮን ገደማ የዲ.ኤን.ኤ. ፊደል ይዟል። ከዚያ ውጭ ፕላስሚድ የሚባሉ ትናንሽ ዲ.ኤን.ኤ.ዎች አሉ፤ እንደ ሞባይል ካርድ ከአንዱ ወጥተው ሌላው ውስጥ ይገባሉ። አባ ሰንጋን ተመልከቱ። የዚህ ባክቴሪያ መርዝ በአንድ ፕላስሚድ ላይ፣ የሚከላከልለት ልባስ ደግሞ በሌላው ላይ ተጽፏል። ለከብትና ለበግ የሚሰጠው የተለመደው ክትባት የልባሱን ፕላስሚድ ያጣ ዝርያ ነው፤ በሕይወት ያለ ግን አቅም ያጣ። ስፖሩ፣ ማለትም ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጹ፣ በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ስለሚቆይ በድንገት የሞተ ከብት ማረድም ሆነ ቆዳ መግፈፍ አይገባም።

የደጋው ሌላ ታሪክ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። በብርድ ተጠቅጥቆ የሚታደርበትና ልብስ በየጊዜው የማይታጠብበት ቦታ ይወደዋል። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ፣ ቦሬሊያ ሬከረንቲስ፣ ክሮሞዞሙ ክብ ሳይሆን ቀጥ ያለ ነው፤ ይህ በባክቴሪያ ዘንድ ብርቅ ነው። ሰውነት የላይ ልብሱን ፕሮቲን ለይቶ ሲያጠቃው ከተደበቁት ዘረመሎች አንዱን አውጥቶ ሌላ ፕሮቲን ይለብሳል። ትኩሳቱ ለቆ ከቀናት በኋላ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ መጠን አንቲባዮቲክ ይድናል፤ ነገር ግን ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት በሽተኛው በሰዓታት ውስጥ በኃይል ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል ጤና ተቋም ሆኖ መወሰዱ ግድ ነው።

ማሳው

የባቄላን ሥር ነቅሎ የሚያይ ሰው እጢዎች ያገኛል። ሲቆረጡ ውስጣቸው ቀላ ካለ ሪዞቢየም እየሠራ ነው፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አሞኒያ ይለውጣል። ዋልካ መሬት ውሃ ሲቋጥር ደግሞ ኦክስጅን ያጡ ባክቴሪያዎች በናይትሬት መተንፈስ ይጀምራሉ፣ ማዳበሪያውም ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። አፈር ማቃጠል፣ ጓይ የሚባለው፣ ለጊዜው ገብስ ያበቅላል እንጂ የአፈሩን ሕይወትና ብስባሽ ይጎዳል።

ባቄላ ላይ የወጣው ቆርምድም የሚባለው በሽታም መጠቀስ አለበት። ለዓመታት ኦልፒዲየም በሚባል ፈንገስ ሲመካኝ ቆየ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ ግን ትክክለኛው ፊዞደርማ ነው ብሏል። ክርክሩ የተዘጋ ይመስላል፣ ቢሆንም ብዙ ጽሑፎች የድሮውን ስም እንደያዙ ናቸው።

ላቦራቶሪ

በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ የጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ለማንኛውም የደጋ ላቦራቶሪ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። የተፈላ ዕቃ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፣ ስፖር ግን አይሞትበትም። ኦቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ግፊት ዕቃ የሚያመክነው መሣሪያ፣ 121 ዲግሪ እንዲደርስ በባሕር ጠለል የግፊት ጠቋሚው 15 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ ነው) ማሳየት ይበቃዋል። እዚህ በ15 ቢቆም ሙቀቱ 116 አካባቢ ላይ ይቀራል። 19 ገደማ ድረስ መውጣት አለበት፤ ጠቋሚው ብቻ ሳይሆን ቴርሞሜትሩም መታየት ይኖርበታል።