የሰሜን ሸዋ ስደት፦ ከአንኮበር እስከ አረብ አገር

እዚህ ሰሜን ሸዋ ስንል በአማራ ክልል ያለውን ዞን ነው። ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ደጋው ውርጭ ነው፤ ቆላው ወደ አፋር ይወርዳል። ከጥንት ጀምሮ ሰው ወደ ባሕር የሚወጣው በዚህ ቁልቁለት ነው።

ከአገር አገር መሄድ ብዙ ዓይነት አለው። ሥራ ፍለጋ፣ ትምህርት፣ ቤተሰብ መቀላቀል፣ ከጦርነት መሸሽ፣ ተገዶ መወሰድ። ሰሜን ሸዋ ሁሉንም አይቷል። ከዚያ በላይ ግን ሰው የሚመጣበትም አገር ነበር።

ለዚህ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችውን አንኮበርን የሚያህል ምስክር የለም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1839 ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ደረሰ። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ በዛሬዋ ጅቡቲ ካለው የታጁራ ወደብ ተነሥቶ በአፋር በረሃ ከወር በላይ ተጉዞ ገባ። በዚያው ዓመት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በ1876 ጣሊያናዊው አንቲኖሪ መጣ። ምኒልክ እዚያው አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን ሰጡት፤ በ1882 እዚያው ሞቶ ተቀበረ። በ1879 ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ኢልግ ገባ፤ ከምኒልክ የቅርብ አማካሪዎችም አንዱ ሆነ። በ1887 ደግሞ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ጠመንጃ ጭኖ ደረሰ። ንጉሡን ያገኛቸው ግን እንጦጦ ነው። ያን ሁሉ ፈረንጅ ተቀብሎ ያስተናገደ ሌላ ተራራ ማግኘት ይከብዳል።

ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ ነበረች። የሐረር፣ የአፋርና የአርጎባ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ ናት። አርጎባዎች አባቶቻቸው ከአረብ አገር እንደመጡ ይናገራሉ፤ ይህ አፈ ታሪክ ግን አከራካሪ ነው። በዚያው መንገድ ባሪያዎችም ወደ ታጁራ ተነድተዋል። የግዳጅ ስደት ነውና ሊዘለል አይገባም።

ለትምህርት የሄዱትም አሉ። የሰያ ደብሩ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ከአድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው ተማሩ፤ የ1931ዱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። የአንኮበሩ አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። አንኮበር ከሰጠችን ልጆች አንዱ ናቸው።

በጣሊያን ወረራና በደርግ ጊዜ ሰው ሸሽቷል። በኋላ ዲቪ መጣ።

ዛሬ ወሬው ሁሉ አረብ አገር ነው። መሬቱ በውርስ ተሸንሽኖ አልቋል። አሥረኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰው ልጅ ሥራ የለውም። ጎረቤት ከጅዳ በተላከ ብር ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ እናትም ልጇን ትልካለች። በ2021 አጣዬ በግጭት ተቃጠለች፤ በዓመቱ መጨረሻም የትግራይ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ደብረ ብርሃን ራሷ ከወለጋ የተፈናቀሉትን አስጠግታለች።

መንገዱ ሦስት ነው። ብዙ ሰው የሚሄድበት በጅቡቲ ኦቦክ አድርጎ፣ በጀልባ የመን፣ ከዚያ በእግር ሳዑዲ ነው። ሌላው በመተማ ሱዳንና ሊቢያ። ሦስተኛው በሞያሌ ደቡብ አፍሪካ። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ወደ አረብ አገር በአውሮፕላን፣ በኮንትራት የቤት ሠራተኛ ሆነው ይሄዳሉ። በብዙዎቹ የአረብ አገሮች ከፋላ የሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷን ከአሠሪዋ ጋር ያስራል። ከቤቱ ከጠፋች ሕገወጥ ትባላለች፤ ደመወዝ ተከልክላ ቢሆንም።

በ2013 ሳዑዲ ማባረር ስትጀምር በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። መንግሥትም ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን አገደ፤ እገዳው እስከ 2018 ቆየ። እስከዚያ ደላላው አልቦዘነም። በ2016 ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጥቶ ነበር፤ በኋላ ተሻሽሏል። በዚህ አዋጅ የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው። ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የመሳሰለው የሠራተኛዋ ነው። ስለዚህ ደላላ ቤት መጥቶ ለቪዛና ለትኬት ብር ካለ፣ በሬም አይሸጥለት፣ ዕቁብም አይነሣለት። ሕጉ የሠራተኛዋ ዕዳ ብሎ አያውቀውም።