የፍሳሽ ማጣሪያ ሞዴል ካሊብሬሽን ምንድን ነው?

«ሞዴሉ ካሊብሬት ተደርጓል፤ የኮምፒውተሩ መስመር በላቦራቶሪው ውጤት ላይ ልክክ ብሏል፤ ስለዚህ ታንኩን በዚሁ መሠረት መገንባት ይቻላል» የሚል አስተያየት ሰሞኑን ደግሜ አነበብሁ። ሞዴል የምንለው የማጣሪያ ጣቢያውን አሠራር በሒሳብ አስመስሎ ውጤቱን የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የጸሐፊውን ቅንነት አልጠራጠርም፤ ነገር ግን የመስመርን መግጠም ብቻ ካሊብሬሽን ብሎ መጥራት ገንዘብ የሚያባክን፣ ወንዝም የሚበክል ስሕተት ነው። ካሊብሬሽን ሞዴሉ ትክክለኛውን መልስ በትክክለኛው ምክንያት እንዲሰጥ የማድረግ ሥራ ሲሆን፣ አብዛኛው ድካም የሚያርፈውም በጣቢያው መረጃ ላይ ነው።

ፍሳሹን የሚያጣሩትን ባክቴሪያዎች የያዘው ጭቃ ዝቃጭ ይባላል፤ ዕድሜው በጣቢያው ውስጥ በአማካይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። የሚወገደውን ዝቃጭ የሚለካው ሜትር አብዝቶ ስለሚያነብ የዝቃጩ ዕድሜ በመዝገብ 5 ቀን፣ በእውነት ግን 8 ቀን ነው እንበል። ዕድሜው ባጠረ ቁጥር አሞኒያን የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ስለሚያንሱ፣ ሞዴሉ በመዝገቡ መሠረት በሚወጣው ውሃ ውስጥ በሊትር 4 ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ይተነብያል፤ ላቦራቶሪው ግን 1.5 ገደማ ያገኛል። በዚህ ጊዜ ቸኳዩ ባለሙያ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች የዕድገት ፍጥነት ያነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኤኤስኤም 1 የተባለው ሞዴል በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ በቀን 0.8 ያደረገውን ቁጥር ወደ 1.1 ያሳድገዋል፤ መስመሩም ይገጥምለታል። ቆይቶ ሜትሩ ተጠግኖ ዕድሜው በእርግጥ 5 ቀን ሲሆን አሞኒያው ወደ 4 ያሻቅባል፤ ሞዴሉ ግን 1.5 ማለቱን ይቀጥላል።

ከማረፊያው ገንዳ ወደ አየር ገንዳው የሚመለሰው ዝቃጭ ለሚቀጥለው ሊጥ እንደሚቀመጥ እርሾ ነው። ሊጡ ፈጥኖ ኩፍ ሲል «እርሾው ብርቱ ነው» ከማለት በፊት ምን ያህል እርሾ እንደገባ፣ ዱቄቱና ውሃው ምን ያህል እንደነበረ ማጣራት ይገባል። ቤቱ ሲቀዘቅዝ መቡካቱ እንደሚዘገይ ሁሉ፣ በዚያው ሞዴል ውስጥ 0.8 የነበረው ፍጥነት በ10 ዲግሪ ወደ 0.3 ይወርዳል፤ ስለዚህ በሞቃት ወራት ብቻ የተፈተነ ሞዴል ስለ ቀዝቃዛው ወቅት ሊመሰክር አይችልም።

ሜትሩን የሚያጋልጠው ፎስፈረስ ነው። ወደ አየር ስለማይተን፣ ጣቢያው በረጅም ጊዜ ውስጥ የተቀበለው ፎስፈረስ በሙሉ በሚወጣው ውሃና በሚወገደው ዝቃጭ ውስጥ መገኘት አለበት። ሒሳቡ ካልገጠመ የባክቴሪያዎቹን ቁጥር መንካት ክልክል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው በሚገባው ፍሳሽ ውስጥ በቀላሉ የሚበሰብሰውን ክፍል ከማይበሰብሰው መለየት ነው፤ የዕድገት ፍጥነት የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ያውም በጥቂቱ ነው።

የአገራችንን ከፍታ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚይዘው ከፍተኛው የሟሟ ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚይዘው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሶፍትዌሩ የባሕር ጠለሉን ቁጥር ከያዘ ወደ ውሃው የሚገባውን ኦክስጅን አጋንኖ ያሰላል፣ ጥፋቱም እንደገና በባክቴሪያዎቹ ላይ ይላከካል።

እንግዲህ «ካሊብሬት ተደርጓል» የሚል ባለሙያ የትኞቹን ቁጥሮች፣ ከስንት ወደ ስንት፣ በምን ማስረጃ እንደለወጠና ሞዴሉን ባላየው ወቅት መረጃ እንዴት እንደፈተነው በሪፖርቱ ያስፍር።