የኦንላይን የሁነት ዝግጅት ዲግሪ ምንድን ነው? ወሎ ላይስ ምን ይሠራል?

ሁነት ማዘጋጀት ማለት ሠርግን፣ ጉባኤን፣ ባዛርን ወይም የምረቃ በዓልን ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ መጨረሻው ወንበር መልቀም ድረስ በኃላፊነት ወስዶ ማስፈጸም ነው። የኦንላይን ዲግሪው ይህንኑ ሥራ በኢንተርኔት ያስተምራል። ብዙ ጊዜ ለብቻው የቆመ የትምህርት ክፍል አይደለም፤ በሆቴልና ቱሪዝም ወይም በንግድ ሥራ አመራር ሥር እንደ አንድ ዘርፍ ይሰጣል። በአሜሪካ አሠራር የመጀመሪያ ዲግሪ 120 ክሬዲት ያህል ሲሆን አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል። በጀት፣ ውል፣ ማስታወቂያ፣ የመስተንግዶ አቅርቦት፣ የአደጋ መከላከልና የሕዝብ ፍሰት ዋና ዋናዎቹ ትምህርቶች ናቸው።

ታዲያ እንጀራ ያበላል?

ሙያው ራሱ ለዲግሪ የሚሰጠውን ዋጋ ማየት ይቻላል። በዘርፉ በዓለም ከሚታወቁት የምስክር ወረቀቶች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የሚሰጠው ሲኤምፒ (የስብሰባና የሁነት አዘጋጆች የሙያ ማረጋገጫ) ነው። ለፈተናው ለመቀመጥ የ36 ወር የሙሉ ጊዜ ሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ በዘርፉ ዲግሪ ላለው ግን 24 ወር ይበቃዋል። የአራት ዓመቱ ትምህርት በባለሙያዎቹ ሚዛን የአንድ ዓመት ሥራ ያህል ነው ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ ንቀት አላየውም፤ ይልቁንም ዲግሪውን ለሚያሞካሹ ብዙ ማስታወቂያዎች ጥሩ ማረሚያ ነው።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ማንም ሙሽራ የአዘጋጁን ዲግሪ አይጠይቅም። የሚጠየቀው «የማንን ሠርግ ሠራህ?» ነው። ምክንያቱም ሥራው ጥቃቅን ነገሮች ላይ ነው የሚፈተነው። የወሎን ሠርግ እንውሰድ። በአንድ ዳስ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ዘመድ ይታደማል፤ ስለዚህ እርዱ ሁለት ነው፣ ድስቱ ሁለት ነው፣ ጭልፋው እንኳ አይቀላቀልም። አዘጋጁ የሁለቱን ወገን ወጥ ቤት ለይቶ፣ አስተናጋጆቹን ለይቶ፣ እንግዶቹ ግን የተለዩ እንዳይመስላቸው አድርጎ ማስቀመጥ አለበት። ቀኑ የሚጾም ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾም ምግብ ይጨመራል። ዐቢይ ጾምና ረመዳን የሠርጉን ወቅት ያጠቡታል፤ ከፋሲካ በኋላ ያለውን ቀን የመረጠ ደግሞ በደጋው ከበልግ ዝናብ ጋር ይደራደራል። ይህን የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ አያስተምርም።

ድንኳንና አግዳሚ ከቅሬ (ሌላው አገር ዕድር ከሚለው) መዋስም ሌላ ጣጣ አለው። ቅሬ የተቋቋመው በመጀመሪያ ለሐዘን ነውና ሰፈር ውስጥ ሰው ከሞተ ድንኳኑ ወደ ለቅሶው ይሄዳል፤ «ቀድሜ ይዤው ነበር» ማለት አያዋጣም፣ ነውርም ነው። ልምድ ያለው አዘጋጅ ሁለተኛ ድንኳን ከየት እንደሚያገኝ አስቀድሞ ያውቃል።

ትምህርቱ ዋጋ የሚያወጣው ግን እዚሁ ላይ ነው። በሐዘን ምክንያት ሠርጉ ሲራዘም የተከፈለው ቀብድ ይመለሳል? ለዲኮር የታዘዘው አበባ ቢጠወልግ ኪሳራው የማን ነው? በቃል ስምምነት የሚሠራ ሰው ይህን የሚያስታውሰው ጠቡ ከተነሣ በኋላ ነው። ውል ያጠና ሰው የማራዘሚያና የመሰረዣ አንቀጽ ቀድሞ ይጽፋል። በጀትም እንዲሁ ነው፤ ከቀብዱ ላይ የራሱን ትርፍ ቀድሞ የሚያነሣ አዘጋጅ ሥጋ ለመግዛት ሲበደር ይገኛል። የሕዝብ ፍሰት ትምህርትም ቀላል አይደለም፤ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የሚወጣውን ሕዝብና ጠባቡን የአምባ መግቢያ ያየ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም።

ደንበኛው ድርጅት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። መሥሪያ ቤትና የረድኤት ድርጅት ዐውደ ጥናት ሲያዘጋጅ ፕሮፎርማ ይሰበስባል ወይም ጨረታ ያወጣል፤ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ይጠይቃል። ዲግሪው በባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ይጠቅማል እንጂ ደብዳቤውን አይተካም። በትልቅ ሆቴል ተቀጥሮ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ግን ያለ ዲግሪ ማመልከቻው ገና ከጅምሩ ሊወድቅበት ይችላል።

ስለዚህ የራሱን ሥራ ለመክፈት የሚያስብ የደሴ ወጣት በመጀመሪያ አንድ የሠርግ ወቅት ከአዘጋጅ ጋር በረዳትነት ቢሠራ፣ ጎን ለጎንም በውልና በበጀት ላይ አጭር ኮርስ ቢወስድ ይሻለዋል ባይ ነኝ። ሠራተኛ ሆኖ ደረጃ ማደግ የሚፈልገው ዲግሪውን ይማር፤ ኦንላይን መሆኑ ቅዳሜና እሑድን ለሥራ ይተውለታል። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ግን ተቋሙ በአገሩ ዕውቅና ያለው መሆኑን ያጣራ፤ የውጭ ዲግሪ ከሆነም አቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ይጠይቅ። መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ ትምህርቱ በቀጥታ የሚተላለፍ ነው ወይስ አውርዶ በኋላ የሚታይ፣ ፈተናውስ ሲቋረጥ እንደገና ይሰጣል ወይ ብሎ በጽሑፍ መልስ ይቀበል።