የፈረስ ስም ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጠን አንድ አዛውንት ስለ አይጠየፍ አዳራሽ ሲያወጉ «በአባ ሻንቆ ጊዜ የተሠራ ነው» ቢሉ፣ ተማሪ የልጅ ልጃቸው «አባ ሻንቆ መነኩሴ ነበሩ እንዴ?» ብሎ ጠየቃቸው። ልጁ አይፈረድበትም፤ «አባ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቆብ የደፋ አባት ነው።

በፈረስ ስም ውስጥ ግን «አባ» ባለቤት ማለት ነው። አባ ሻንቆ ማለት ሻንቆ የተባለው ፈረስ ጌታ፣ ማለትም ደሴን መናገሻቸው ያደረጉትና የወሎን ፈረሰኛ አስከትለው አድዋ የዘመቱት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ኦሮምኛውም «አባ»ን በዚሁ ትርጉም ስለሚጠቀምበት የጅማው አባ ጅፋር መጠሪያ ከዚህ ልማድ የወጣ አይደለም።

የፈረስ ስም የቁልምጫ ስም አይደለም፤ የልደትና የዙፋን ስም ላለው ጦረኛ ሦስተኛ ስሙ ነው። አፄ ምኒልክ ሲወለዱ ሣህለ ማርያም፣ ሲነግሡ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ዳኘው ናቸው። አፄ ቴዎድሮስም አፄ ዮሐንስም በልደት ስማቸው ካሳ ስለነበሩ፣ በ1860 ዓ.ም. እዚሁ ወሎ መቅደላ ላይ ያረፉትን ካሳ ከሌላው ካሳ ለመለየት አባ ታጠቅና አባ በዝብዝ ማለት ይበቃል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ የስሞቹ ሰዋስው ነው። «ታጠቅ»፣ «በዝብዝ» እና የአፄ ኃይለ ሥላሴ «ጠቅል» ትእዛዝ ናቸው፤ «ዳኘው» እና የራስ መኰንን «ቃኘው» ደግሞ ድርጊቱ እንደተፈጸመ የሚናገሩ ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ የራስ አሉላ «ነጋ»ም እንዲሁ። ስለዚህ ወታደሩ «ዘራፍ! የአባ ዳኘው አሽከር!» ብሎ ሲፎክር የማን ሰው እንደሆነ ከመናገሩም በላይ የጌታውን ሥራ ጭምር ይመሰክር ነበር።

ከእነዚህ ፈረሶች መካከል ስሙ ከአገር የወጣው ቃኘው ነው፤ ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የላከችው የመጀመሪያው ጦር «ቃኘው ሻለቃ» የተባለው በራስ መኰንን ፈረስ ስም ነበር።