የጾም ስኳር ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ድካም በዛብኝ ብሎ ክሊኒክ የሄደ ወላጅ «ኤፍቢኤስ 118» የሚል ወረቀት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ኤፍቢኤስ የጾም ስኳር ነው፤ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ ቆይተው ሲለኩ በደም ውስጥ የሚገኘው የግሉኮስ መጠን። «አርቢኤስ» ቢል ኖሮ ሰዓቱም ምግቡም ሳይታይ በተገኘው ጊዜ የተለካ ማለት ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሚዛን ማየት ስህተት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጾም» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሥጋና ቅቤ ትቶ ሽሮ በእንጀራ መብላት ለዚህ ምርመራ ጾም አይሆንም፤ እንጀራውም ሽሮውም ወደ ስኳር ይለወጣሉ። ውኃ ግን አይከለከልም። እንዲያውም መጠጣት ይሻላል፤ ሰውነት ውኃ ሲያጥረው ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ሻይና ቡና ከመለካት በፊት አይጠጡም፣ ያለ ስኳርም ቢሆን። ሰዓቱን ደግሞ በትክክል መቁጠር ያስፈልጋል። ራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ካበቃ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 9 ሰዓት ሞልቷል። ልጆቹን አስተኝቶ፣ ዕቃ ሲያጣጥብ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ከድስቱ የተረፈውን የቀመሰ ሰው ግን በ12 ሰዓት ቢለካ ገና 7 ሰዓቱ ነው፤ የወጣው ቁጥር የጾም ስኳር አይባልም። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራም ጠዋት ስለሆነ ብቻ ጾሜያለሁ አይበል፣ መጨረሻ የበላበትን ሰዓት ይቁጠር።

«ምንም ሳልበላ ስኳሬ ለምን ወጣ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሌሊት ሰውነት እንዳይራብ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ከቆሽት የሚወጣው ኢንሱሊን ደግሞ ልኩን ይጠብቃል። ንጋት ላይ የሚጨምሩ ሆርሞኖች ጉበትን ይበልጥ ይገፋፋሉ። ኢንሱሊኑ ካነሰ ወይም ሰውነት በሚገባ ካልታዘዘው ስኳሩ ይጠራቀማል። የጾም ስኳር የሚያሳየው በዋናነት ይህን የሌሊት ሥራ ነው።

በአዋቂ ሰው ከ100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ጤናማ ነው። በአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር መለያ ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር (ከጤናማው በላይ፣ ከስኳር በሽታ በታች የሆነ ደረጃ) ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ይህን ደረጃ የሚጀምረው ከ110 ነው። 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት የተለያዩ ቀናት ምርመራ ከተገኘ የስኳር በሽታ ነው። መለኪያው እንደ 6.5 ያለ ትንሽ ቁጥር ካሳየ ሚሊሞል በሊትር በተባለ ሌላ መለኪያ ነው የሚለካው፤ በ18 ሲባዛ በሚሊግራም 117 ይመጣል። ከ70 በታች ወርዶ ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ካለ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ከፋርማሲ ተገዝቶ ቤት ውስጥ ከጣት ደም ስኳር የሚለካው ማሽን ጠቃሚ ነው፣ ግን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። አይኤስኦ 15197 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ከ100 በላይ ለሆነ ቁጥር እስከ 15 በመቶ ልዩነት ይፈቅዳል። ቤት ውስጥ 118 ያሳየ ማሽን፣ እውነተኛው ቁጥር 105 ሆኖ ወይም 130 ሆኖ ሊሆን ይችላል። በተከታታይ ተወግተው 118 እና 109 ቢያዩ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በሽታውን የሚወስነው ከክንድ የተቀዳ ደም በላብራቶሪ ሲመረመር ነው።

ጠዋት በሚበዛው ግርግር ቁጥሩን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው እጅ ነው። ለልጁ ምሳ ዕቃ ዳቦ በማርማላታ የቀባ ወይም ሙዝ የላጠ ጣት፣ የማይታይ ስኳር ስለያዘ ቁጥሩን ያለ ምክንያት ይሰቅለዋል። ስለዚህ ከምሳ ዕቃው በፊት ይለኩ። እጅን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ እርጥብ ጣት ደሙን ያቀጥናል፣ ያልደረቀ አልኮልም እንዲሁ። ከጫፉ መሐል ይልቅ ጎኑን ይውጉ፣ ብዙም አያምም። ጣቱን አጥብቀው አይጭመቁ፤ ከደሙ ጋር ፈሳሽ ወጥቶ ይቀላቀላል። እጁ ከቀዘቀዘ ወደ ታች አንጠልጥለው ትንሽ ያሹት። ስትሪፑን (ማሽኑ ላይ የሚሰካውን ደም የሚስብ ቀጭን ቁራጭ) በደሙ ላይ አይለቅልቁት፤ ጫፉን ብቻ ሲያስነኩት ራሱ ይስባል። የስትሪፑ ዕቃ ወዲያው ይከደን፣ ቀትር ላይ ፀሐይ የመታው ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥም አይቀመጥ፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሹታል። መርፌው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ባልና ሚስትም ቢሆኑ፤ በደም የሚተላለፍ ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ አለ። ያገለገለውን በወፍራም ጀሪካን ከድኖ ማጠራቀም ይሻላል።

በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጠዋት ለክተው ቀኑን፣ መጨረሻ የበሉበትን ሰዓትና ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉ። እንቅልፍ ያጡበትን ሌሊት፣ ትኩሳትንና መድኃኒትንም ይጨምሩ። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰዱት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ስኳርን በግልጽ ከፍ ያደርጋሉ። ሐኪሙ ሳያውቅ ግን በራስዎ አያቁሟቸው።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ለአዋቂ ነው። ልጅ ውኃ አልጠግብ ካለ፣ ሽንት ከበዛበት፣ አልጋ ላይ መሽናት ከተወ በኋላ እንደገና ከጀመረ ወይም ከከሳ የጾም ጠዋት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን በየትኛውም ሰዓት ይለካ። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም ወይም ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ ከተጨመረበት ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ።