የጨቅላ ሕፃን ሾክ ምንድን ነው?

«የደም ግፊቱ ጥሩ ነው፤ ሾክ የለበትም» ማለት ይብቃ። በዚህ አባባል ሕክምና የሚዘገይባቸው ጨቅላዎች አሉ። ሾክ ማለት ለሰውነት ክፍሎች የሚደርሰው ደምና ኦክስጅን ከሚያስፈልጋቸው ሲያንስ ነው። «ድንጋጤ» ተብሎ ሲተረጎምማ ቤተሰቡ «ምን አስደነገጠው?» እያለ ይጨነቃል፤ ሕፃኑን ያስደነገጠው ነገር የለም።

የቧንቧ ውኃን አስቡ። ማጠራቀሚያው ሲጎድል ሠራተኛው ወደ ጅሬን ዳገት የሚወጣውን መስመር ቢዘጋው፣ መሃል ጅማ ያለው የግፊት መለኪያ ምንም ላይወርድ ይችላል፤ ዳገቱ ላይ ያለው ሰው ግን ባዶ ጀሪካን ይዞ ቆሟል። ጨቅላውም ወደ ቆዳው፣ ወደ አንጀቱና ወደ ኩላሊቱ የሚሄደውን ቀንሶ ደሙን ለልብና ለአንጎል ያቆያል። ግፊቱ የሚወርደው ይህ አቅሙ ሲሟጠጥ ነው።

ስለዚህ የዳገቱን ሰው፣ ማለትም የጨቅላውን ቆዳና ኩላሊት፣ ጠይቁ። የደረቱን አጥንት በጣት 5 ሰከንድ ተጭናችሁ ስትለቁት፣ የገረጣው ቆዳ ለመመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል? እጅና እግሩ ቀዝቅዟል? የደም ሥር ምቱ ፈጣንና ደካማ ነው? መጥባት ትቷል? ሽንቱስ በኪሎ በሰዓት ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ሆኗል? በጅማ የክረምት ማለዳ የጤነኛ ጨቅላም እጅ ይቀዘቅዛልና አንድ ምልክት ብቻውን አይበቃም፤ እያሞቃችሁ ደግማችሁ እዩ።

«እንግዲያው ፈሳሽ በብዛት ይሰጠው» የሚልም አለ። ውኃው ለምን ጠፋ? ደም ፈስሶት ከሆነ፣ የ3 ኪሎ ሕፃን ጠቅላላ ደም 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከላላ የእትብት ማሰሪያ የፈሰሰ አንድ የቡና ሲኒ ደም ሩቡ ያህል ነው። በቫኪዩም (ጭንቅላቱን ስቦ በሚያወጣ መሣሪያ) የተወለደ ከሆነ ጭንቅላቱን ዳስሱ፤ ከራስ ቅሉ ቆዳ ሥር ብዙ ደም ሊደበቅ ይችላል። እንዲህ ደም ለፈሰሰው ሕፃን ደም መስጠት ያስፈልጋል። ኢንፌክሽን ቧንቧውን፣ ማለትም የደም ሥሮቹን፣ አስፍቶት ከሆነ ኖርማል ሳላይን (0.9 ፐርሰንት የጨው ውኃ) በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ፣ አንቲባዮቲኩም ሳይዘገይ። ያለጊዜው ለተወለደ ዝግ ይበል፤ የአንጎሉ ደም ሥሮች ስስ ናቸውና ሊደማ ይችላል። 10 ፐርሰንት ግሉኮስ ለዚህ መሙያ አይሆንም፤ የደሙ ስኳር በዴሲ ሊትር ከ45 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ግን በኪሎ 2 ሚሊ ሊትር ይሰጣል።

ሲወለድ ታፍኖ የነበረ ጨቅላ ላይ ደግሞ የደከመው ራሱ ፓምፑ፣ ማለትም ልቡ፣ ሊሆን ይችላል። ማጠራቀሚያውን መሙላት ሳንባውን ያጥለቀልቃል። ፈሳሹን ከመጀመራችሁ በፊት የጉበቱን ዳርቻ ዳስሳችሁ ሆዱ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩ፤ ጉበቱ ከመስመሩ ካለፈ ወይም ትንፋሹ ከባሰ ፈሳሹን አቁሙና ልብን ወደሚያግዝ መድኃኒት እለፉ።